በቢሾፍቱ ጓሮ የተዘራ ጣፋጭ በቆሎ ፍሬው ለምን ተራርቆና ጣዕሙን አጥቶ ወጣ?

ጥያቄ፦ ከቢሾፍቱ

ጤና ይስጥልኝ፣ የጓሮ አትክልት ወዳጆች። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ለጥየቃ ስትመጣ የጣፋጭ በቆሎ ዘር አምጥታልኝ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ጎረቤቶቼ የራሳቸውን በቆሎ በዘሩበት ሰሞን እኔም በግቢዬ ዘርቼው ነበር። የግቢው መካከል በቆስጣና በካሮት ተይዞ ስለነበር ዘሩን ያሰፈርኩት በአጥሩ ጥግ በአንድ ረጅም መስመር ነው። ቡቃያው በደንብ ወጣ፤ በቂ ፍግ ስላገኘም ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ አደገ፤ እያንዳንዱም አገዳ ቢያንስ አንድ ራስ ያዘ።

በዘመን መለወጫ ሰሞን ሽፋኑን ገልጠን ስናየው ግን ፍሬው እንደጠበቅነው ሆኖ አላገኘነውም። በአንዳንዱ ራስ ላይ ፍሬዎቹ እዚህም እዚያም ተበታትነው መካከሉ ባዶ ቆረቆንዳ ሆኖ ይታያል፤ በሌላው ደግሞ ጫፉ ላይ ጨርሶ ፍሬ የለም። በተሻለ ሁኔታ የሞሉት ራሶች ተቀቅለው ሲቀርቡም ከአንዱ ራስ ላይ ጥቂቱ ፍሬ እውነትም ጣፋጭ ሲሆን፣ የሚበዛው ግን ከተለመደው የአገራችን በቆሎ የማይለይ፣ ጠንከር ያለና ዱቄት ዱቄት የሚል ሆነብን። እህቴ እንደምትለው እርሷ በምትኖርበት አገር ይኸው ዘር ጥሬውን እንኳ የሚበላ ፍሬ ይሰጣል።

የቀረኝ ዘር ከግማሽ ፓኬት በላይ ነው። ካሮቱ ሲነሣ 5 በ6 ሜትር የሚሆን ቦታ ስለሚለቀቅልኝ፣ ልጆቼም የዚህን በቆሎ ነገር ስላልተዉት፣ በዚህ ዓመት በጥንቃቄ ልዘራው አስቤአለሁ። ጉድለቱ የዘሩ ነው ወይስ የአፈሩ? የቢሾፍቱ የክረምት ቅዝቃዜስ ጣዕሙን ሊያጠፋው ይችላል? በየትኛው ወር ብዘራው ይሻላል? ልምዱም ሆነ ሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።


መልስ 1፦ ከአዳማ፣ በሰብል ልማት ሙያ ላይ የሚሠራ

ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ፤ የዘሩበትን ጊዜና የመስመሩን አቀማመጥ ባይነግሩን ኖሮ መልሱን መገመት ይከብድ ነበር። ያዩት ነገር ሁለት የተለያዩ ችግሮች አንድ ላይ የተገናኙበት ነው፤ ሁለቱም ግን የሚመነጩት ከአበባ ብናኝ እንጂ ከአፈርዎ አይደለም። ቅጠሉ ጠቆር ብሎ ማደጉ ራሱ አፈሩ እንዳልበደለዎት ይመሰክራል።

በመጀመሪያ ስለ ባዶው ቆረቆንዳ። በቆሎ ወንዴውንና ሴቴውን አበባ ለይቶ የሚያወጣ ተክል ነው። ከአገዳው ጫፍ ላይ የሚዘረጋው ወንዴው ሲሆን፣ ከራሱ አናት ላይ የሚወርደው ጸጉር ደግሞ የሴቴው አበባ አካል ነው። እያንዳንዷ የጸጉር ዘለላ በውስጥ ካለች አንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘች በመሆኗ፣ ብናኝ ያላገኘች ጸጉር ባለችበት ቦታ ፍሬ አይኖርም። ብናኙን የሚያደርሰው ነፋስ ነው። በአንድ ረጅም መስመር የተዘራ በቆሎ ነፋሱ በጎን በመጣ ቁጥር ብናኙን ለአጥሩና ለመንገዱ አስረክቦ ለራሱ ጥቂት ብቻ ይተርፈዋል። በዚህ ላይ የእርስዎ በቆሎ ያበበው በሐምሌ ማብቂያና በነሐሴ መጀመሪያ ገደማ መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ወንዴው አበባ እርጥብ ሆኖ ሲውል ብናኙን የሚለቀው ከረጢት አይከፈትም። አንድ ወንዴ አበባ ብናኝ የሚሰጠው ለአንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ተከታትሎ የጣለ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜውን ሊወስድበት ይችላል። ጫፉ ባዶ የቀረበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጸጉሩ መጀመሪያ የሚወጣው ከራሱ ሥር ካሉት ፍሬዎች ሲሆን የጫፎቹ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ፤ እነርሱ ሲደርሱ ብናኙ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የጣዕሙ ነው፤ ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውምና ትንሽ ላስፋው። ዱባ ከሌላ ዓይነት ዱባ ጋር ቢዳቀል የዚያ ዓመት ፍሬ ጣዕም አይለወጥም፤ ልዩነቱ የሚታየው ዘሩ እንደገና ሲዘራ ነው። በበቆሎ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። የምንበላው የፍሬው ክፍል ለፅንሱ ስንቅ ሆኖ የተዘጋጀው ነው፤ ይህ ክፍል ከእናቱ ብቻ ሳይሆን በነፋስ ከመጣው ብናኝም ባሕርይ ይወርሳል። ጣፋጭነት ደግሞ ከሁለቱም ወገን ካልመጣ የማይገለጥ ባሕርይ ነው። ስለዚህ የጎረቤት በቆሎ ብናኝ ያረፈባት ጸጉር የምትሰጠው ፍሬ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ራስ ላይ፣ ስኳሩን ወደ ስታርች የለወጠ ተራ በቆሎ ይሆናል። በአንድ ራስ ላይ ጣፋጩና ዱቄቱ ተቀላቅሎ ያገኙትም በዚህ ምክንያት ነው። ቅዝቃዜው የመድረሻ ጊዜውን ያዘገየዋል እንጂ አንዱን ፍሬ ጣፋጭ፣ አጠገቡ ያለውን ደግሞ ተራ ሊያደርገው አይችልም።

ይህን በዓይንዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ከክረምቱ ምርት ሳይበላ የደረቀ ራስ ካለዎት ፍሬዎቹን ይመልከቷቸው። ከራሱ ከጣፋጩ ወገን የተዳቀሉት ሲደርቁ ይጨማደዳሉ፤ በአገር ውስጥ በቆሎ የተዳቀሉት ደግሞ እንደ ማንኛውም በቆሎ ሞልተውና ለስልሰው ይቀራሉ። የለሰለሱት ከበዙ መልሱን አገኙት ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው፤ በርቀት መለየት ወይም በጊዜ መለየት። ለቤት ፍጆታ ከ75 ሜትር በላይ የሆነ ርቀት ብዙውን ድቀላ ያስቀራል፤ ለዘር ለሚያመርት ግን ይህ ርቀት በጭራሽ አይበቃም። በከተማ ግቢ ውስጥ 75 ሜትር ማግኘት ስለማይቻል ለእርስዎ የሚቀረው ጊዜ ነው። የሁለቱ በቆሎዎች ማበቢያ ቢያንስ በሁለት ሳምንት ቢለያይ በቂ ነው፤ ይሁንና ጎረቤቶችዎ የሚዘሩት ዓይነት ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይህን በቀን ለማስላት አይሞክሩ። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ቶሎ ደራሽ ዝርያዎችና ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ቢ ኤች 660 በመድረሻ ጊዜ በጣም ይራራቃሉና። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ክረምቱን ለጎረቤቶችዎ ትቶ በመስኖ መዝራት ነው። በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ ቢዘሩት ሌሊቱ ከታኅሣሡ ቅዝቃዜ የወጣ ስለሚሆን ቡቃያው አይቸገርም፤ የሚያብበውም በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በአካባቢዎ ለእሸት ተብሎ በመስኖ የተዘራ በቆሎ አለመኖሩን አስቀድመው ያጣሩ፤ በቢሾፍቱ ዙሪያ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው።

አዘራሩን በተመለከተ 5 በ6 ሜትር ያለው ቦታ እጅግ በቂ ነው። አንድ ረጅም መስመር ሳይሆን ቢያንስ አራት አጫጭር መስመሮችን ጎን ለጎን አድርገው፣ በመስመሮቹ መካከል 75 ሴንቲ ሜትር፣ በአገዳዎቹ መካከል ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ብናኙ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢነዳ ከቡድኑ ውስጥ አንዱ ጸጉር ላይ ያርፋል። በዚያም ላይ በእጅ ማገዝ ይቻላል፤ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ ወንዴውን አበባ ወደ ወረቀት ከረጢት አጎንብሰው ቢያራግፉት ቢጫ ብናኝ ይወርድልዎታል፤ ያንን ወዲያውኑ በጸጉሮቹ ላይ በስሱ ይበትኑት። ብናኙ በሞቃትና በደረቅ አየር ውስጥ ቶሎ ስለሚሞት ለከሰዓት ወይም ለነገ ብሎ ማቆየት አይረባም። ጸጉሩ እስኪጠወልግ ድረስ በየጊዜው ቢደግሙት ጫፉም ይሞላል።


መልስ 2፦ ከሜሪላንድ

የአዳማው ወንድማችን ዋናውን ነገር ስላስረዳልን እኔ ከዚህ ካለው ልምድ የጎደለውን ብቻ ልጨምር። የምንዘራው ከማኅበረሰቡ የጋራ የአትክልት ቦታ በየዓመቱ በምንከራያት መደብ ላይ ነው፤ መደቦቹ ተጠጋግተው ስለሚገኙ እርስዎ ከጎረቤትዎ ጋር የገጠመዎት ነገር እዚህም የታወቀ ነው። ከጎናችን ያለው ሰው ለፈንዲሻ የሚሆን በቆሎ ከዘራ የእኛ ጣፋጭ በቆሎ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት ወቅቱ ሳይጀመር ማን ምን እንደሚዘራና መቼ እንደሚዘራ እንነጋገራለን። እርስዎም ጎረቤቶችዎን ቢያማክሩ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ።

ዘሩ የመጣበትን ፓኬት እባክዎ ይመልከቱት። ጣፋጭ በቆሎ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በፓኬቱ ላይ በፊደል ይለያል። ኤስ ዩ የሚለው የቆየው፣ መጠነኛ ጣፋጭነት ያለው ነው፤ በዚህ አካባቢ በጣም የሚወደደው ነጩ ሲልቨር ክዊን ከዚህ ወገን ነው። ኤስ ኤች 2 የሚለው ደግሞ ስኳሩ እጅግ የበዛ፣ ዘሩም ቀላልና የተኮማተረ ነው። ይህ ሁለተኛው ለማብቀል አስቸጋሪ ነው፤ በዘሩ ውስጥ ያለው ስንቅ ትንሽ ስለሆነ አፈሩ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ሳይበቅል ይበሰብሳል፤ ጥልቀቱም ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ኤስ ዩ እና ኤስ ኤች 2 ጎን ለጎን ተዘርተው አብረው ካበቡ፣ ሁለቱም ጣፋጭ ሆነው ሳለ፣ የሚዳቀሉት ፍሬዎች ተራ በቆሎ ሆነው እንደሚወጡ ነው። እህትዎ ሌላ ፓኬት ብትጨምርልዎት ዓይነቱ ተመሳሳይ መሆኑን ሳያረጋግጡ አንድ መደብ ላይ አይቀላቅሉት። ዘሩ ሮዝ ወይም ሌላ ቀለም የተቀባ ከሆነም በፀረ ሻጋታ ኬሚካል የታሸ ነውና የተረፈውን ለዶሮ እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ።

በፓኬቱ ላይ የተጻፈው የመድረሻ ቀን እንዳያሳስትዎት። ያ ቁጥር የዚህን አገር ሞቃት በጋ ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ከፍተኛ ቦታ ላይ በሳምንታት ሊረዝም ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ በቅንነት ልናገር። ዘር በሻንጣ መላክ ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ነገር የምናየው ነው፤ ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ ለሚገባ ዘር የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ይህ ለወረቀት ተብሎ የወጣ ደንብ አይደለም። በዘር አማካይነት የሚተላለፉ የበቆሎ በሽታዎች አሉ፤ አንድ ግቢ ውስጥ የገባ በሽታ በበቆሎ የሚተዳደረውን ገበሬ ማሳ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ደግሞ ደጋግሞ ከማስመጣት ይልቅ አንድ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ የገባ፣ ዲቃላ ያልሆነ ዝርያ ቢያገኙ ይሻላል። ለምሳሌ ጎልደን ባንታም የሚባለው በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለገበያ የቀረበ ቢጫ በቆሎ ዲቃላ ስላልሆነ ዘሩን ማቆየት ይቻላል። ዲቃላ ከሆነው ፓኬት ላይ የሚያስቀሩት ዘር ግን በቀጣዩ ዓመት እንደ እናቱ አይሆንልዎትም። ዘር ሲያስቀሩም ከአንድ ሁለት አገዳ ብቻ አይውሰዱ፤ በቆሎ ከጥቂት አገዳ ብቻ ሲራባ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ይደክማል።


የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ የደረቀ ራስ ጓዳ ውስጥ ነበረና አየሁት፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ፍሬ ለስላሳ ነው፤ የቀረው ተጨማዷል። ፓኬቱ ላይ ያለው ፊደልም ኤስ ዩ ነው። የፈቃዱን ጉዳይ ስላሳሰባችሁኝ ለእህቴም ነግሬያታለሁ። አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ስለሆነ በበጋ መዝራቱ ስንት ውኃ ይጠይቃል? ተምቹስ በበጋ አይብስም ወይ? ከአገዳው ሥር የሚያቆጠቁጠውን ቅጥያ ቁረጠው ያሉኝ አሉ፤ ልክ ነው?


መልስ 3፦ ከባሕር ዳር፣ በጓሮዋ በቆሎ የምታመርት

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና ቅጥያውን አይቁረጡት። ከዋናው አገዳ ምግብ ይሻማል ተብሎ ይታሰባል፤ ይሁንና መቁረጡ የበቆሎውን ራስ አያተልቀውም፤ ቁስሉ ግን ለበሽታ በር ይከፍታል።

ውኃውን በሒሳብ እንየው። በቆሎ በሳምንት ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያህል ውኃ ይፈልጋል። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ስለሆነ፣ 30 ካሬ ሜትሩን በሙሉ ከዘሩ 750 ሊትር በሳምንት ያስፈልግዎታል፤ በመጋቢት ፀሐይ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ለፈረቃ ውኃ ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ 4 በ4 ሜትር ብቻ ቢዘሩ ምክሬ ነው፤ ውኃው ወደ 400 ሊትር ይወርዳል፤ አምስት መስመርም ይወጣዋል፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። በመስመሮቹ መካከል ድርቆሽ ወይም ደረቅ ቅጠል ካነጠፉ እርጥበቱ ይቆይልዎታል። ውኃ መቆጠብ ካለብዎት በቡቃያነቱ ይቆጥቡ እንጂ ወንዴው አበባ ብቅ ካለበት ጊዜ አንሥቶ ጸጉሩ እስኪጠቁር ድረስ በፍጹም አያስጠሙት። በዚያ ጊዜ የተጠማ በቆሎ ጸጉሩን ስለሚያዘገይ፣ የአዳማው ባለሙያ የነገሩዎት ብናኝ ጸጉሩ ሳይወጣ ያልቃል፤ በእጅ መበተኑም አያድነውም።

ማዳበሪያውንም ከውኃው ጋር ያያይዙት። ፍጉን ከመዝራትዎ በፊት በደንብ ከአፈሩ ጋር ያዋሕዱ። ዩሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ በካሬ ሜትር 20 ግራም ገደማ በቂ ነው፤ እርሱንም ለሁለት ከፍለው ግማሹን ቁመቱ ጉልበት ሲደርስ፣ ግማሹን ወንዴው አበባ ሊወጣ ሲል፣ ከአገዳው ራቅ አድርገው አፈር ያልብሱትና ያጠጡት። በመጀመሪያው ዙር ጊዜ ኩትኳቶውን ጨርሰው አፈር ያስታቅፉት፤ የቢሾፍቱ የከሰዓት ነፋስ ያልታቀፈን አገዳ ይጥላል።

ስለ ተምቹ ጠይቀዋል። ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ በበጋ መስኖ ላይ ያለ በቆሎ ከእርሱ አላረፈም፤ በዙሪያው ሌላ ለምለም በቆሎ ስለማይኖር የእሳት እራቱ ሁሉ የእርስዎ ላይ ሊሰበሰብ ይችላል። ደግነቱ ጓሮ ማሳ አይደለም፤ እያንዳንዱን አገዳ በዓይን ማየት ይቻላል። ቡቃያው ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ማለዳና ምሽት ላይ ቅጠሉን ገልበጥ እያደረጉ ይዩ። እንቁላሉ እንደ ሻጋታ ያለ ሽፋን ለብሶ በአንድ ላይ ተከምሮ ይገኛል፤ እዚያው በጣት ይደፍጠጥ። ከተፈለፈለ በኋላ ትሉ ገና ወዳልተፈታው የመሐል ቅጠል ገብቶ ይደበቃል፤ ቅጠሉ ላይ የተበሳሳ ነገርና እርጥብ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ኩስ ካዩ እዚያ አለ ማለት ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት፣ ከኋላው ደግሞ በካሬ የተደረደሩ አራት ነጠብጣቦች ካሉት እርሱ ራሱ ነው። ለቅመው ይግደሉት። ብዙ ገበሬ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር በመሐል ቅጠሉ ላይ ይነሰንሳል፤ ትናንሾቹን ትሎች ሲያዳክም አይቻለሁ። ጸረ ተባይ ኬሚካል ግን ልጆች ሽፋኑን ገልጠው ወዲያው በሚበሉት እሸት ላይ እንዲረጩ አልመክርም።

ከዚህ በኋላ የምለው አሳብ ነው፤ መቀበል የእርስዎ ፈንታ ነው። ክረምቱን ለአገራችን በቆሎ ይተዉት። በከሰል ለሚጠበስ እሸት ጣፋጩ በቆሎ አይሆንም፤ ውኃው ይበዛል፤ ቆዳው ቶሎ ያርራል፤ ጥርስ ላይ የሚቆይ ነገር የለውም። እኛ በነሐሴና በመስከረም ጠብሰን የምንበላው ጥሩነቱ ከስታርቹ ነው። ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ አትክልቶች ቢያዩአቸው አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም፤ በብናኝም አይጋጩም።

ጣፋጩን ለመቁረጥ ጊዜውን ማወቅ ትልቁ ነገር ነው። ጸጉሩ ከታየ በኋላ በሞቃት ቦታ ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል ይባላል፤ በእናንተ ከፍታ ሊዘገይ ስለሚችል ቀን አይቁጠሩ። ጸጉሩ ጠቁሮ ሲደርቅ፣ ሽፋኑ ግን ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ራሱን በእጅዎ ጨብጠው ጫፉ ድረስ መሙላቱን ይዳስሱ። ከዚያ ሽፋኑን በትንሹ ገልጠው አንድ ፍሬ በጥፍርዎ ይውጉ። የሚወጣው ጥርት ያለ ውኃ ከሆነ አልደረሰም፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ደርሷል፤ ወፍራም ሊጥ ከሆነ አልፏል። በማለዳ ይቁረጡትና በዚያው ዕለት ይብሉት፤ የእርስዎ ዓይነት ኤስ ዩ ስለሆነ በሞቃት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ቢያድር ከስኳሩ ግማሽ ያህሉን ያጣል። ማሳደር ግድ ከሆነ ከነሽፋኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ። ሲቀቅሉትም እንደ አገራችን በቆሎ ረጅም ጊዜ እሳት ላይ አያቆዩት፤ ውኃው ከፈላ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጨውም ከውኃው ውስጥ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ይደረግበት።